ጉሮሮ ሲነካ ትንፋሽን የሚያቆመው ምንድን ነው?

አንድ ጉንጭ ውሃ ስንውጥ ትንፋሻችን ለ1 ሰከንድ ያህል ይቋረጣል፤ ይህን የምናስተውለው ግን ትን ሲለን ብቻ ነው። የተለመደው ማብራሪያ ማንቁርት ወደ ላይ ሲነሳና የድምፅ አውታሮች ሲገጥሙ የአየሩ መንገድ ይዘጋል፣ ትንፋሽም በዚያው ይቆማል የሚል ነው። መዘጋቱ እውነት ነው፤ መንስኤው ግን ከዚያ በላይ ነው ባይ ነኝ። ትንፋሽን የሚያቆመው የአንጎል ግንድ ነው፤ ከጉሮሮ የመጣውን ስሜት ተቀብሎ መዋጥንና መተንፈስን በአንድነት ያዝዛል።

የጉሮሮና የማንቁርት ስሜት በዋናነት በላይኛው የማንቁርት ነርቭና በ9ኛው የራስ ነርቭ በኩል የአንጎል ግንድ የታችኛው ክፍል ወደሆነው ሜዱላ ይደርሳል። ዲክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ ጡንቻዎቻቸው በመድኃኒት እንዳይንቀሳቀሱ በተደረጉ ድመቶች ላይ የላይኛውን የማንቁርት ነርቭ በኤሌክትሪክ ቀስቅሰዋል። አንድም ጡንቻ ሳይኮማተር የመዋጥ ምልክት በነርቮች ላይ ተመዘገበ፤ የትንፋሽ ነርቭ ምትም አብሮት ተለዋወጠ። እዚህ የተዘጋ ማንቁርት የለም። በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ደግሞ ይበልጥ ያሳምነኛል። ማንቁርታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ሰዎች የሚተነፍሱት አንገታቸው ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው፤ ምግብና አየር ከእንግዲህ አይገናኙም። ሆኖም ሻርቦኖና ባልደረቦቿ በ2005 እንዳሳዩት መዋጥና መተንፈስ በእነርሱም ዘንድ መናበባቸውን አልተዉም። የሚጠበቅ መንገድ ባይኖርም ትእዛዙ ይወርዳል።

ኤሌክትሪክ የተፈጥሮ ስሜት አይደለም የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ማንቁርት ላይ ያረፈች የውሃ ጠብታ ራሷ ምላሹ በተቀባዩ አንጎል እንደሚወሰን ትመሰክራለች፦ አዋቂውን ታስለዋለች፤ ጨቅላውን ግን ታስውጠዋለች፣ ትንፋሹንም ረዘም ላለ ጊዜ ልታቆም ትችላለች። በ2023 በአይጦች ላይ የታተመ ጥናትም ከትንፋሽ መውጣት ጋር የተያያዙ የሜዱላ ሴሎች በብርሃን ሲነቁ፣ እንስሳው መዋጡ ወይም አለመዋጡ ብርሃኑ በበራበት የትንፋሽ ምዕራፍ ላይ እንደሚመሠረት አሳይቷል።

ጤነኛ አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ የሚውጠው ትንፋሽ በማስወጣት ላይ ሳለ ነው። አንዳንዶች ይህን፣ ማስወጣት ከመሳብ ስለሚረዝም የመጣ የአጋጣሚ ውጤት ያደርጉታል። ርዝመቱ የመዋጡን መነሻ በከፊል ሊያስረዳ ይችላል፤ ከዋጥን በኋላስ በአብዛኛው መልሰን የምናስወጣው ለምንድን ነው? ይህ ቅደም ተከተል ጉሮሮ ውስጥ የቀረ ፍርፋሪ ወደ ሳንባ እንዳይሳብ ያደርጋል፤ በብዙ የሳንባ ሕሙማን ዘንድ ሲዛባም ይታያል። ተግባራዊ ፋይዳው የተፈተነው የራስና የአንገት ካንሰር ታክመው መዋጥ በተቸገሩ ሰዎች ላይ ነው። ማርቲን-ሃሪስና ባልደረቦቿ በ2015 ባወጡት ጥናት እነዚህ ሕሙማን ትንፋሽ ማስወጣት ጀምረው እንዲውጡ ሲሠለጥኑ፣ የማንቁርታቸው አዘጋግ ተሻሻለ፤ ጉሮሯቸው ውስጥ የሚቀረው ምግብም ቀነሰ። የተስተካከለው የትንፋሹ ጊዜ ነበር፤ መዝጊያው የተሻለው እርሱን ተከትሎ ነው።