ማሪና ዴል ሬይ እና የፈቃድ ታሪክ

የባሕር ዳርቻ ግንባታ ፈቃድ ለምን ይዘገያል ለሚሉ፣ በካሊፎርኒያ የሚገኘውን የመዝናኛ ጀልባዎች ወደብ፣ ማሪና ዴል ሬይን፣ በምሳሌነት አነሣለሁ። የአሜሪካ ኮንግረስ ወደቡን በ1954 እ.ኤ.አ. ሲፈቅድ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚያስገድድ ሕግ ገና አልወጣም ነበር፤ የባሎና ረግረግ ሰፊ ክፍልም ተቆፍሮ የጀልባ ማቆሚያ ሆነ። በ1962/63 የብርድ ወራት ማዕበል ወደቡን ስለ ጎዳው፣ ማዕበል ሰባሪ ግንብ ከኋላ ተሠራለት። የማዕበሉን ጉዳት ማረም ተቻለ፤ የተቆፈረው ረግረግ ግን አልተመለሰም። በ1972 የካሊፎርኒያ መራጮች የዳርቻ ግንባታን የሚፈቅድና የሚከለክል ኮሚሽን እንዲቋቋም ወሰኑ፤ የ1976ቱ ሕግም ቋሚ አደረገው። ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር ነው፦ የመዘግየትን ዋጋ የምናሰላ ሁሉ የመቸኮልንም ልናሰላ ይገባል።