ጨረታ በመተከል፦ ከጣና በለስ እስከ ወረዳ ግዥ

መተከል በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ሳለ ትልቁ የመንግሥት ውል የመጣው በ1977ቱ ድርቅ ማግስት ነው። በድርቁ ከተጎዱ አካባቢዎች የመጡ ሰፋሪዎች መተከል ውስጥ ወዳለችው ፓዌ ሲደርሱ የጣና በለስ ፕሮጀክት በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ ተጀመረ። መንገዱን፣ ሆስፒታሉንና የእርሻ ልማቱን የያዘው የጣሊያኑ ሳሊኒ ኩባንያ ነበር። ጣሊያን በ1977 ያወጣችው የአስቸኳይ ዕርዳታ ሕግ ከመደበኛው ሥርዓት ውጭ ውል መስጠትን ስለፈቀደ፣ ተቋራጩ የተመረጠው ያለ ጨረታ ነው። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ሥራው ተቋረጠ፤ ድባጤ ወረዳን የሚያቅፈው መተከልም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሥር ዞን ሆነ።

በአዲሱ ሥርዓት ግዥ መጀመሪያ የተዳኘው በፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 57/1989 ነበር። ራሱን የቻለ ሕግ ያገኘው በአዋጅ ቁጥር 430/1997 ሲሆን፣ ግልጽ ጨረታን መሠረታዊ የግዥ ዘዴ አድርጎ ተቆጣጣሪ ኤጀንሲ አቋቋመ። አዋጅ ቁጥር 649/2001 ይህን ተክቶ የንብረት አስተዳደርን ጨመረ፤ ቅር የተሰኘ ተጫራች የሚያመለክትበትንም ቦርድ ደነገገ። ክልሎችም የየራሳቸውን የግዥ ሕግ አወጡ።

ሕጉ ድባጤን በመሰለ ወረዳ በተግባር የሚታየው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። በፑል አሠራር ጽሕፈት ቤቱ የትምህርቱን፣ የጤናውንና የግብርናውን ግዥ ለየመሥሪያ ቤቱ ያከናውናል። ጨረታ ሲወጣ ፖስታው ታሽጎ ሳጥን ውስጥ ይገባል። በተነገረው ሰዓት ተጫራቾች ባሉበት ይከፈታል፤ ስም፣ ዋጋና ማስከበሪያ ሲፒኦ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ኮሚቴውም ይፈርማል። ዕቃው ሲገባ ንብረት ክፍል ሞዴል 19 የተባለውን የንብረት ገቢ ደረሰኝ ይቆርጣል። አነስተኛ ግዥ ቢያንስ ከሦስት ነጋዴዎች በሚሰበሰብ የዋጋ ማቅረቢያ (ፕሮፎርማ) ይፈጸማል። ፍትሐዊነቱ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው፤ ነጋዴ ጥቂት በሆነበት ከተማ ሦስቱም ፕሮፎርማ ከአንድ እጅ ሊወጡ ይችላሉ፤ ከጨረታ ለማምለጥ ግዥን መከፋፈልም፣ ሕጉ ቢከለክለውም፣ የታወቀ ዘዴ ነው።

በዚያው ዞንና በአጎራባቹ የአማራ ክልል አካባቢ ግን ግዙፎቹ ውሎች ከዚህ ሥርዓት ውጭ አልፈዋል። በ2002 የተመረቀው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ለሳሊኒ የተሰጠው ያለ ውድድር ነው። ጉባ ላይ በመጋቢት 2003 የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የሲቪል ሥራም እንዲሁ ለዚሁ ኩባንያ ተሰጠ። ኤሌክትሮ መካኒካሉንና የደን ምንጣሮውን የመንግሥት ድርጅት የሆነው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ያዘው። ሥራው በመጓተቱ በነሐሴ 2010 የኤሌክትሮ መካኒካል ውሉ ተነጠቀ። በኅዳር 2011 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኮርፖሬሽኑ 37 ቢሊዮን ብር የሚሆን የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ገለጸ። ለቀጥታ ግዥው ይቀርብ የነበረው ምክንያት አስቸኳይነትና አገራዊ ጥቅም ሲሆን፣ ያስከተለው ጉድለት ዋጋውን የሚያነጻጽር ሁለተኛ ፖስታ አለመኖሩ ነው።

ከ2014 ወዲህ የኤሌክትሮኒክ ግዥ በተወሰኑ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ተጀምሮ ተስፋፋ፤ አዋጅ ቁጥር 1333/2016ም የ2001ዱን አዋጅ ተካ። በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ሰነድ ለመግዛትም ሆነ ፖስታ ለማስገባት ረጅም መንገድ መጓዝ ስለማያስፈልግ፣ የሩቅ ወረዳ ነጋዴ ከአዲስ አበባው ጋር እኩል የመወዳደር ዕድል ያገኛል። ይህ ግን የሚሠራው መብራትና ኔትወርክ ባለበት ነው። ያለ ውድድር የሚሰጥ ውልንም ሥርዓቱ ብቻውን አያስቀርም፤ ያ የሚወሰነው ቀጥታ ግዥን የሚፈቅዱት የሕጉ አንቀጾች ምን ያህል ጠበው በሥራ ላይ እንደሚውሉ ነው።