አዞላ፤ የአንዲት ተንሳፋፊ ፈርን ስያሜና መኖሪያ

ተርጓሚ በመዝገበ ቃላት ያላገኘውን የውሃ ተክል ብዙ ጊዜ «የውሃ አረም» ብሎ ያልፈዋል። ስሙ ሲታጣ ተክሉ ከሌሎች ጋር ይደባለቃል፤ የሌላውንም ጥፋት ይሸከማል። ይህ ዕጣ ከሚያሰጋቸው አንዷ አዞላ ናት።

አዞላ አበባና ፍሬ የሌላት፣ በስፖር የምትራባ ፈርን ናት። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ላማርክ ስሟን ያወጣው ከደቡብ አሜሪካ ደቡባዊ ጫፍ በመጣ ናሙና መነሻነት እ.ኤ.አ. በ1783 ነው። ቃሉ «መድረቅ» እና «መግደል» ከሚሉ የግሪክ ግሦች ተጣምሮ «ድርቀት የሚገድላት» የሚል ፍች እንዳለው ይነገራል። እንግዲህ መኖሪያዋ በስሟ ውስጥ ተመልክቷል፤ ይኸውም የረጋ ወይም በዝግታ የሚፈስ ውሃ ነው። ከሱዳን እስከ ሞዛምቢክ የምትገኘው ዝርያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1867 በዓባይ ስም «አዞላ ኒሎቲካ» ተብላ ተመዘገበች።

የአዞላ ቅጠሎች ጥቃቅን፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተነባበሩና እያንዳንዳቸው ለሁለት የተከፈሉ ናቸው። ሥሮቿ ወደ ውሃው ይንጠለጠላሉ፤ ፀሐይ ሲበረታባት ትቀላለች። ሳልቪኒያ የተባለችው ሌላዋ ተንሳፋፊ ፈርን ግን እውነተኛ ሥር የላትም። ሌምና ደግሞ ብትመስላትም አበባ ያላት ተክል ናት።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። አዞላ በቅጠሏ የጀርባ ክፍል የአየር ናይትሮጂን የሚያዋህድ ባክቴሪያ ታኖራለች፤ ስለዚህ የቻይናና የቬትናም ገበሬዎች የሩዝ ማሳቸውን ሲያዳብሩባት ኖረዋል። እንቦጭ ግን በጣና ሐይቅ በ2004 ዓ.ም. ከታየ ወዲህ ዓሣ አስጋሪውንና ገበሬውን አስጨንቋል። ሁለቱን በአንድ ቃል የሚጠራ መመሪያ ጠቃሚውን ሊያስነቅል፣ ጎጂውን ሊያስዘነጋ ይችላል። እርግጥ አዞላም ከመጠን በላይ ስትንሰራፋ የውሃውን ገጽ ሸፍና ብርሃንና አየር ትከለክላለች።

ጉዳዩ በቤንሻንጉል ጉሙዝ ዛሬ ይበልጥ ይከብዳል። ክልሉ ዳቡስና በለስ የሚፈሱበት ምድር ነው፤ የዳቡስም ረግረግ ሰፊ ነው። በጉባ የተገነባው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ደግሞ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የታቀደ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጥሯል። ፈጣን ወንዝ ሐይቅ ሲሆን ለተንሳፋፊ ተክሎች አዲስ መኖሪያ ይከፈታል፤ የሚከታተላቸውም ባለሙያ የጠራ ስያሜ ያሻዋል።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው፦ «አዞላ» እንዳለ ይወሰድ፤ በመዝገበ ቃላትም «ተንሳፋፊ የውሃ ፈርን» የሚል ፍች ይከተለው። ቃሉ ከ«አዞ» ጋር ዝምድና እንደሌለው ይታወቅ። «አዘለ» ከሚለው ግሥ ጋር ያለው መመሳሰልም አጋጣሚ ነው፤ ሆኖም ባክቴሪያ በጀርባዋ ላዘለች ተክል ማስታወሻነቱ አይከፋም። ቃል ሰብሳቢውም አሶሳና አካባቢዋ ሲደርስ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሽናሻ፣ የማኦና የኮሞ ተናጋሪዎችን ይጠይቅ፤ የሚነግሩትን ስም ከተክሉ ናሙና ጋር አያይዞ ይመዝግብ። ናሙና የሌለው ስም ለመዝገበ ቃላት ግማሽ ማስረጃ ነውና።