የአረፋ ጎጆ የቀለሰው ዓሣ

ስሙኝማ! በ2011 ዓ.ም. የካቲት የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶ አንዱ እልል ሲል ሌላው አደባባይ ወጥቶ ሲቆጣ፣ አገር ሁሉ ስለ ቤት ያወራ ነበር። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የታይላንድ ካቢኔ ደግሞ ጣት ስለሚያክል ዓሣ ተሰብስቦ መክሮ፣ ቤታ የሚባለውን ይህን ዓሣ ብሔራዊ የውሃ እንስሳ ብሎ ሾመው። ይህ ሹም ቤት በዕጣ አይጠብቅም። ጎጆውን ራሱ፣ በምራቁ ይቀልሳል።

ጠበኛ ነው። ሁለት ወንዶች አንድ ገንዳ ውስጥ ከገቡ ክንፋቸው እስኪቦጫጨቅ ይናከሳሉ፤ በአገሩም ሰው ሲያፋልመውና ሲወራረድበት ኖሯል። ዘመዱ የገነት ዓሣ በ1869 እ.ኤ.አ. ከቻይና ፓሪስ ሲገባ፣ ፒየር ካርቦኒዬ የተባለው ዓሣ አርቢ ቤቱ አስቀምጦ አራባው። ወንዱ አረፋ እየነፋ ጎጆ ሲቀልስ ያየው አውሮፓዊ ያኔ ጉድ አለ።

እንግዲህ እኛ ደግሞ ቤታን ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አስቀምጠን እናራባው።

ውሃው ከስንዝር ባይበልጥ ይሻላል፤ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ገደማ ይሁን። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲበር ክፍት ዕቃ ውስጥ አንድ ቀን ያድራል፤ የኮዬን ሰው ውሃ ማሳደር ማን ያስተምረዋል! አየር የሚነፋው ፓምፕ ይጥፋ፣ ጎጆውን ያፈርሳልና። ሴቷ መጀመሪያ በመስታወት ተከልላ ትታየው። ወንዱ ካያት በኋላ ላይ ላዩን እየተመላለሰ አየር ይጎርሳል፣ በምራቁ ለውሶ ይተፋል። አረፋ በአረፋ ላይ ይደረባል።

መስታወቱ ሲነሣ መባረር አለ፣ መነካከስም አለ። ከዚያ ሰውነቱን አጥፎ ይጠመጠምባታል፤ ዕንቁላሉ እንደ ነጭ አሸዋ ወደ ታች ይዘንባል። አባት ሆዬ እየጠለቀ በአፉ ይለቅመዋል፣ ወደ አረፋውም ይተፋዋል። ሲጨርሱ ሴቷን ቶሎ አውጡልኝ! ያ ያቀፋት ባል አሁን ዘበኛ ሆኗል፤ ካልወጣች ሊገድላት ይችላል።

በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ይፈለፈላሉ። ጫጩቶቹ ጅራታቸውን ቁልቁል አድርገው ከአረፋው ይንጠለጠላሉ፤ የወደቀውን አባት ይመልሳል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይተው ቀጥ ብለው መዋኘት ሲጀምሩ አባትም ይሰናበት፤ ከዚህ በኋላ ልጆቹን ሊበላ ይችላል። ምግባቸው ጭድ ተዘፍዝፎ በሰነበተበት ውሃ ውስጥ የሚራቡ፣ ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ናቸው። የዕንቁላል አስኳል ይሆናል የሚል አለ፤ እኔ ግን አልመክርም፣ ውሃውን ያበላሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ይህ ዓሣ በስንጥቡ ብቻ አይተነፍስም፤ በጭንቅላቱ ውስጥ አየር የሚተነፍስበት አካል አለው። ይህ አካል በጫጩቶቹ ላይ የሚበቅለው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ያኔ ከውሃው በላይ ያለው አየር ከቀዘቀዘ ጫጩቶቹ ሊያልቁ ይችላሉ። ባንኮክ ይህ አያሳስብም። ኮዬ ግን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ የታኅሣሥ ሌሊቱን ታውቁታላችሁ። የገንዳው ማሞቂያ ውሃውን እንጂ ክፍሉን አያሞቅም። ስለዚህ ገንዳው ክዳን ይፈልጋል፤ በክዳኑና በውሃው መካከል ሞቅ ያለ፣ እርጥብ አየር ይኑር። መብራት ከጠፋ ደግሞ ገንዳው ጋቢ ይለብሳል። በክዳን ስስት ዘር ያለቀበት አርቢ ምግቡን ሲወቅስ ይኖራል።

ከሰመረ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። አንድ ጎጆ ከመቶ በላይ ጫጩት ሊያወጣ ይችላል፤ ሦስት ወር ገደማ ሲሆናቸው ወንዶቹ ያባታቸው ጠብ ይነሣባቸዋል። እያንዳንዱ የግሉ ጠርሙስ ያስፈልገዋል። ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ ባዶ የማር ጠርሙስ ይለመናል፤ ውሃ በፈረቃ በመጣ ዕለትም ቀድሞ የሚቀዳው ለወጥ ቤቱ ነው ወይስ ለዓሦቹ በሚል ባልና ሚስት ይሟገታሉ።