ከካምፓላ እስከ በረዷማው ቁልቁለት፦ አቅምን ያገናዘበ የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ እንዴት ይመረጣል?

ካምፓላ ከምድር ወገብ ጥቂት ወደ ሰሜን ፈቀቅ ብላ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ካባላጋላን በመሳሰሉ ሰፈሮቿ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ለብዙው የምሥራቅ አፍሪካ ነዋሪ በረዶ ላይ መንሸራተት በቴሌቪዥን ብቻ የሚታይ፣ የሩቅ አገር ባለጠጎች ጨዋታ ነው። ይሁን እንጂ በዚሁ በአፍሪካ ምድር የበረዶ ሸርተቴ የሚዘወተርባቸው ሥፍራዎች አሉ። አንዳንዶቹም ወደ አውሮፓ ከመጓዝ በእጅጉ ያነሰ ወጪ ይጠይቃሉ።

ለውድድር ሳይሆን ለመዝናናት፣ ከቤተሰብ ወይም ከወዳጅ ጋር ጥቂት ቀናት በረዶ ላይ ለማሳለፍ የሚሻ ሰው ገንዘቡን የት ቢያውል ይሻለዋል? ከመነሳቱ በፊትስ ምን ማጣራት ይኖርበታል?

ኡጋንዳ በረዶ አላት፤ መንሸራተቻ ግን የላትም

በምዕራብ ኡጋንዳ፣ ከኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጋር በሚያዋስነው ድንበር ላይ የሩዌንዞሪ ተራሮች ይገኛሉ። ከፍተኛው ጫፋቸው ማርጌሪታ 5 ሺህ 109 ሜትር ሲሆን፣ ከኪሊማንጃሮና ከኬንያ ተራራ ቀጥሎ በአፍሪካ ሦስተኛው ነው። የአካባቢው የባኮንዞ ሕዝብ በረዶውን “ንዙሩሩ” ይለዋል። ጣሊያናዊው የአብሩዚ መስፍን ሉዊጂ አሜዴዮ በአውሮፓውያኑ 1906 እዚህ ጫፍ ላይ በወጡበት ጊዜ የበረዶ ግግሩ ከ6 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍን ነበር። በ2003 ግን ከ1 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ወርዷል።

ሥፍራው በ1991 ብሔራዊ ፓርክ፣ በ1994 ደግሞ የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ወደ ጫፉ መውጣት የተፈቀደለት መሪ፣ ገመድ፣ የበረዶ ጫማና መቆንጠጫ እንዲሁም የበርካታ ቀናት የእግር ጉዞ ይጠይቃል። ሽቅብ የሚያወጣ ማጓጓዣም ሆነ የተዘጋጀ ቁልቁለት የለም። በመሆኑም ሩዌንዞሪ በረዶ ለማየት ለሚሻ ብርቱ ተጓዥ እንጂ ለመንሸራተት ለሚሻ ጀማሪ አይሆንም።

የኢትዮጵያም ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በስሜን ተራሮች፣ በተለይም በራስ ዳሸን አናት ላይ፣ አልፎ አልፎ አመዳይ ቢታይም ለመንሸራተት የሚበቃ ሆኖ አይቆይም። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለው ነጋዴ ከአዱሊስ የገለበጠው ጥንታዊ የድንጋይ ጽሑፍ ግን አንድ የአክሱም ንጉሥ ወደ ስሜን ሲዘምት ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንደገጠመው ይተርካል።

ለመዝናናት የሚመች ቦታ መለያው ምንድን ነው?

የመዝናኛ ቦታዎች ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ የሚያጎላው የቁልቁለቶቹን ርዝመትና የተራራውን ከፍታ ነው። ለጀማሪ ግን እነዚህ አኃዞች ብዙም ፋይዳ የላቸውም። በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት አንድ ጀማሪ የሚጠቀመው ጥቂት መቶ ሜትር የሚረዝም፣ ለጥ ያለ ዘቅዛቃ ሜዳ ነው። መቶ ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ላለው ሥፍራ የሚከፍለው ተጨማሪ ዋጋ ለማይረግጠው በረዶ የሚከፈል ይሆናል።

በአውሮፓ ልማድ ቁልቁለቶች በቀለም ይለያሉ። አረንጓዴው ለፍጹም ጀማሪ፣ ሰማያዊው ለቀላል፣ ቀዩ ለመካከለኛ፣ ጥቁሩ ለብርቱ ተንሸራታች ነው። አረንጓዴው ምልክት በሁሉም አገር ስለማይሠራበት በአንዳንድ ሥፍራ ቀላሉ ሰማያዊው ሊሆን ይችላል። ዘና ብሎ መጫወት የሚፈልግ ሰው ስለ ቦታው ሲጠይቅ አምስት ነገሮችን ቢያጣራ ይበቃዋል፦

• ከሌላው የተለየ የጀማሪዎች ሜዳ አለው ወይ?
• በቡድን የሚሰጥ ትምህርት አለው? በየትኛው ቋንቋ?
• መንሸራተቻ፣ ጫማ፣ የራስ ቁርና ልብስ ያከራያል?
• የግማሽ ቀን ወይም የጀማሪ ሜዳ ብቻ ቲኬት ይሸጣል?
• ለማይንሸራተት የቤተሰብ አባል የሚሆን ምን ነገር አለ?

ርካሽ ቲኬት ርካሽ ጉዞ ማለት አይደለም

ከካምፓላ ለሚነሳ ሰው ከወጪው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው በአብዛኛው የአውሮፕላን ትኬትና ቪዛ ነው። ስለዚህ ቦታዎችን በመግቢያ ዋጋቸው ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። ትክክለኛው ስሌት ከኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ እስኪመለስ ያለውን ሁሉ ደምሮ በረዶ ላይ ለሚውልባቸው ቀናት ማካፈል ነው። በዚህ ስሌት በረራው ርካሽ የሆነ፣ የቀን ዋጋው ግን ወደድ ያለ ቦታ አሸናፊ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ወጪን ከሚቀንሱት መንገዶች አንዱ ቅዳሜና እሑድን ትቶ በሥራ ቀናት መሄድ ነው። የኪራይ፣ የትምህርትና የመግቢያ ዋጋ በአንድ ጥቅል ሲሸጥም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ጀማሪ መንሸራተቻ የሚገዛበት ምክንያት የለም፤ መከራየት ይበቃዋል። ወፍራም ጃኬት ግን ከካምፓላ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ በተለምዶ ኦዊኖ በሚባለው የቅዱስ ባሊኩዴምቤ ገበያ ያገለገሉ የብርድ ልብሶች ይሸጣሉ። ጂንስና ሌላ የጥጥ ልብስ ውኃ ስለሚይዝ ለበረዶ አይመከርም። ጋቢም ለምሽት ማረፊያ እንጂ ለቁልቁለቱ አይሆንም።

የት ይኬዳል?

ሌሶቶ፦ በማሉቲ ተራሮች ውስጥ፣ 3 ሺህ ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ የሚገኘው አፍሪስኪ ከሰሐራ በስተደቡብ በዋነኛነት የሚጠቀስ የበረዶ ሸርተቴ ሥፍራ ነው። ዋናው ቁልቁለቱ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ የጀማሪዎች ሜዳ፣ ትምህርትና ኪራይም አለው። ወቅቱ ከሰኔ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ሲሆን፣ የተፈጥሮው በረዶ ሲያንስ በማሽን ይሠራል። ከጆሃንስበርግ በመኪና አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። መኪና የሚከራይ ሰው ድንበር ለመሻገር የሚያስችል የፈቃድ ደብዳቤ ከአከራዩ መቀበል አለበት። በጎረቤት ደቡብ አፍሪካ የሚገኘው ቲፊንዴል በተለያዩ ጊዜያት ሥራ አቋርጦ ያውቃልና መከፈቱን ሳያረጋግጡ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ሞሮኮ፦ ከማራካሽ ከ80 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት፣ በከፍተኛው አትላስ ተራሮች ላይ ያለው ኡካይምደን ከ2 ሺህ 600 ሜትር እስከ 3 ሺህ 200 ሜትር ይዘልቃል። ወቅቱ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ግድም ነው። የቀን ወጪው ከአውሮፓ ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ሲሆን፣ መሣሪያ በአካባቢው ሰዎች በድርድር ይከራያል፤ ሰውና ዕቃ በአህያ ሲጓጓዝም ይታያል። ድክመቱ በተፈጥሮ በረዶ ላይ መመካቱ ነው። ድርቅ በበዛባቸው ዓመታት ቁልቁለቱ ባዶ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ማራካሽን ዋና መዳረሻ አድርጎ፣ በረዶው ሲገኝ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ወደ ተራራው መውጣት ብልህነት ነው።

ካይሮና ዱባይ፦ ሁለቱም በገበያ ማዕከል ውስጥ የተሠሩ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩ የበረዶ ሜዳዎች አሏቸው። የዱባዩ በ2005 ሲከፈት፣ ረጅሙ ቁልቁለቱ 400 ሜትር ነው፤ የካይሮው በ2017 ተከፍቷል። የኪራይ ልብስና መሣሪያ በአብዛኛው በመግቢያው ዋጋ ይጠቃለላል። ስለ አየር ጠባይ መጨነቅ የለም፤ ተራራና አድማስም የለም። ለሌላ ጉዳይ ወደ ዱባይ ወይም ካይሮ ለሚሄድ ሰው፣ ስፖርቱን ይወደው እንደሆነ በሁለት ሰዓት ውስጥ ለመፈተን ከዚህ የቀለለ መንገድ አይገኝም።

ከአፍሪካ ውጪ በዋጋ ቅናሽነት ስማቸው ከሚነሳው መካከል የቡልጋሪያዋ ባንስኮና የጆርጂያዋ ጉዳውሪ ይገኙበታል። ባንስኮ ለመሄድ የሼንገን ቪዛ ስለሚያስፈልግ ቀጠሮው፣ ክፍያውና የመከልከል ሥጋቱ አብረው ይታሰባሉ።

የዘመን አቆጣጠርን ማስታወስ

የትምህርት ቤት ዕረፍት ምርጫውን ይወስናል። በኡጋንዳ ትምህርት ቤቶች ረጅሙ ዕረፍት በታኅሣሥና በጥር አካባቢ ስለሚውል ከሞሮኮ ወቅት ጋር ይገጥማል። የሌሶቶ ወቅት ግን በአብዛኛው ትምህርት ላይ ያርፋል። ልጆቹን በኢትዮጵያ የሚያስተምር ቤተሰብ በተቃራኒው የክረምቱን ዕረፍት ለሌሶቶ ሊጠቀምበት ይችላል።

ቪዛ፣ ክትባትና ጤና

ወደ ሌሶቶ በየብስ የሚገባው በደቡብ አፍሪካ በኩል ነው። ተጓዡ ከደቡብ አፍሪካ ወጥቶ ተመልሶ ስለሚገባ፣ ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ የተሻገረ ሰው ለመልሱ በረራ ድንበር ላይ ሊቀር ይችላል። ከኡጋንዳ የሚነሳ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ማረጋገጫም ይጠየቃል።

በኡጋንዳ በስደተኛነት ተመዝግበው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ በሁሉም አገር በእኩል ዓይን ስለማይታይ፣ ተቀባዩ አገርና መሸጋገሪያው አገር ሰነዱን መቀበላቸውን፣ ወደ ኡጋንዳ መመለስም መፈቀዱን በጽሑፍ ሳያረጋግጡ ትኬት መቁረጥ አይመከርም።

ከካምፓላ በቀጥታ 3 ሺህ ሜትር ላይ የወጣ ሰው ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር ሊገጥመው ይችላል፤ የመጀመሪያውን ቀን በዕረፍት ማሳለፍና ውኃ መጠጣት ይረዳል። በረዶ ፀሐይን ስለሚያንጸባርቅ መነጽርና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ያስፈልጋሉ። ሲንሸራተቱ ጉልበት፣ በሰፌ እንጨት ሲንሸራተቱ ደግሞ የእጅ አንጓ በቀላሉ ይጎዳል። ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ ይህን ስፖርት ላይሸፍን ስለሚችል ውሉ ላይ በስሙ መጠቀሱን ማየት ይገባል። ከሩቅ ተራራ ሆስፒታል ለመድረስ የሚከፈለው ገንዘብ ከጉዞው ሁሉ ሊበልጥ ይችላል።

ከምሥራቅ አፍሪካ የተነሱት

አዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል፤ አገሪቱ በክረምት ኦሊምፒክ ስትካፈል የቱሪኑ የመጀመሪያዋ ነበር። ከእርሱ ቀደም ብሎ ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት በ1998 በናጋኖ ተሳትፏል። ኡጋንዳ የተወለደው ብሮሊን ማዌጄም በበረዶ ሰሌዳ ስፖርት ስሙ ታውቋል።

እነዚህ ስፖርተኞች ልምምዳቸውን ያካሄዱት ከትውልድ አገራቸው ርቀው ነው። ለመዝናናት የሚሄድ ሰው ግን ዓመታት አያስፈልጉትም። በደህና አሠልጣኝ ሁለት ቀን የተማረ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ቀላሉን ቁልቁለት ሳይወድቅ ለመውረድና በፈለገበት ለመቆም ይበቃል።

ከመክፈል በፊት

ክፍያ ከመፈጸሙ አስቀድሞ ቦታው በዚያው ሳምንት ክፍት መሆኑን፣ የበረዶው ሁኔታ ምን እንደሚመስልና በረዶ ባይኖር ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ በቀጥታ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሩዌንዞሪን ግግር ያመናመነው ሙቀት በአትላስም ሆነ በማሉቲ ወቅቱን እያዛባ ስለሆነ፣ ቀኑን መቀየር የሚያስችል ትኬት ጥቂት ቢወደድም ብዙ ጊዜ ዋጋውን ይመልሳል።