የሚያፋጥንና የሚያጣምር ብርሃን፤ የ«ፎቶካታሊስት» ስያሜ ታሪክና የአማርኛ አቻው

ባዕድ ቃል ወደ ቋንቋችን ሲገባ ፍቺውን ብቻ ሳይሆን ታሪኩንም ይዞ ይገባል። የቃሉን ታሪክ ሳይመረምር አቻ የሚሰይም ተርጓሚ፣ ሰጪው ቋንቋ የተሸከመውን ጉድለት ሳያውቀው ይወርሳል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን፣ የሚታየውን ብርሃን ወደ ኬሚካዊ ኃይል ለሚለውጡ ረቂቅ ቁሶች የተሰጠው «ፎቶካታሊስት» የሚለው ስም ነው። እነዚህ ቁሶች በአገራችን በሐሮማያና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ይጠናሉ፤ ጥናቱ የሚጻፈው ግን በእንግሊዝኛ በመሆኑ ቃሉ የአማርኛን ፈተና ገና አላለፈም። እኛም ከዚህ በታች የቃሉን ታሪክ ተከትለን፣ ፈተናውን እስከ ሰቆጣ መማሪያ ክፍል ድረስ እንወስደዋለን።

«ካታሊሲስ» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1835 ለኬሚስትሪ ያበረከተው ስዊድናዊው በርሴሊየስ ነው። ቃሉ የተወሰደው «መፍታት» የሚል ፍቺ ካለው የግሪክ ግንድ ነው። ኋላም ኦስትዋልድ ፅንሰ ሐሳቡን አጠራው፤ በእርሱ አገላለጽ ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ የአንድን ኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት የሚቀይር ቁስ ነው። ለዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ1909 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። «አፋጣኝ» የሚለው የአማርኛ ቃል የሚገልጸው ይህንኑ ፍቺ ነው። በዚህ ፍቺ ውስጥ ግን ሳይነገር የሚታለፍ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ለውጡ ያለ አፋጣኙም ቢሆን፣ ምንም እንኳ ቢዘገይ፣ በራሱ መንገድ የሚሄድ መሆኑ ነው።

የብርሃኑ ታሪክ ከሌላ ምንጭ ይነሣል። የቦሎኛው ኬሚስት ቻሚቻን እ.ኤ.አ. በ1912 በኒው ዮርክ ባደረገው ንግግር፣ ሰው የዕፅዋትን ጥበብ ተምሮ የፀሐይን ብርሃን ሥራ ላይ እንደሚያውል፣ ደረቅ ምድሮችም ጭስ የሌለበት ኢንዱስትሪ እንደሚተከልባቸው ተነበየ። ከ60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ብርሃን ሲያርፍበት ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሊለይ እንደሚችል «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አስታወቁ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ብርሃን ሴሚኮንዳክተር ከሚባል ቁስ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮን ከቦታው ይነሣል፤ በስፍራውም ክፍተት ይቀራል። ኤሌክትሮኑ ከውሃ ሃይድሮጅንን፣ ክፍተቱ ደግሞ ኦክስጅንን ያስወጣል። ሁለቱ ከቁሱ ገጽ ሳይደርሱ መልሰው ከተገናኙ ግን የተገኘው ኃይል በከንቱ ይባክናል። ቁሱን በናኖሜትር፣ ማለትም በሜትር ቢሊዮንኛ እጅ፣ በሚለካ መጠን ማነጽ ያስፈለገው መንገዳቸውን ለማሳጠርና ገጹን ለማስፋት ነው። ሌላው ችግር ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚሠራው በአልትራቫዮሌት ጨረር ብቻ መሆኑ ነው፤ ይህም ምድር ላይ ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ከመቶ 5 እጅ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ናይትሮጅን የተጨመረበት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ በ2009 ደግሞ ካርቦን ናይትራይድ ለዚህ አገልግሎት የቀረቡት፣ ዓይናችን የሚያየውን ብርሃን ጭምር ለመጠቀም ነው።

የፉጂሺማና የሆንዳ ጽሑፍ በወጣበት በዚያው በ1972 እ.ኤ.አ. በአገራችን የአማርኛ መርሐ ልሳን ተቋቋመ። በእርሱ እግር የተተካው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1996 ታትሞ ወጣ። በትምህርት ቤት አማርኛ ከጸኑት የሳይንስ ቃላት አንዱ «ብርሃን አስተፃምሮ» ነው። ቃሉ «ፀመረ»፣ ማለትም አጣመረ፣ አቆራኘ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ «አስተ» በሚለው የአደራራጊ ምዕላድ ተመሥርቷል፤ ብርሃን ነገሮችን እርስ በርሳቸው ሲያጣምር ያሳያል። ግሪኩ ካታሊሲስ መፍታትን ሲናገር፣ ግእዙ አስተፃምሮ ማቆራኘትን ይናገራል።

ፈተናው ከዚህ ላይ ይጀምራል። ሰቆጣና የዋግ ኽምራ ደጋ ቻሚቻን በሐሳቡ ካያቸው ደረቅ ምድሮች ጋር ይመሳሰላሉ፤ ፀሐይ አይጎድልባቸውም፣ ውሃ ግን ይጎድላል። ለቋንቋ አጥኚ ደግሞ ሌላ ትርጉም አላቸው። የአካባቢው ቋንቋ ኽምጣንጋ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ራይኒሽ እ.ኤ.አ. በ1884፣ አፕልያርድ በ1987 ጥናት አሳትመውበታል። ዛሬም በአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆኖ ያገለግላል። ስለዚህ ልጁ በኽምጣንጋ ጀምሮ፣ በአማርኛ አልፎ፣ በሁለተኛ ደረጃ ከእንግሊዝኛ ይደርሳል። አማርኛው የተሳሳተ ሥዕል ቢይዝ ስሕተቱ ወደ ኽምጣንጋም ይተላለፋል።

እንግዲህ መምህሩ «ብርሃን አፋጣኝ» የሚለውን ቃል ቢያስረዳ፣ ተማሪው ውሃ በፀሐይ ላይ ቢቀመጥ ውሎ አድሮ በራሱ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይሆናል፣ ቁሱም ያፋጥነዋል ብሎ ይረዳል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በሰቆጣ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ውሃ፣ በኽምጣንጋ አቍ የሚባለው፣ ይተናል እንጂ አይለያይም፤ የሚፋጠን ጉዞ የለውም። ብርሃኑ አቀበት ያወጣዋል፤ ኃይሉም በሃይድሮጅኑ ውስጥ ይቀመጣል። «እርሾ» የሚለውን ቃል ብንመርጥም አያዋጣም፤ እርሾ ሕይወት አለው፣ በሊጡም ውስጥ ይባዛል።

በመሆኑም አንድ አቻ ሳይሆን ሁለት እናቀርባለን። ብርሃን ተቀብሎ በውሃ ውስጥ ያለውን ቀለምና ቆሻሻ የሚያፈርሰው ቁስ፣ ለውጡ በራሱም ቁልቁል የሚሄድ ስለሆነ፣ «ብርሃናዊ አፋጣኝ» ይባል። የብርሃንን ኃይል በኬሚካል ውስጥ የሚያስቀምጠው ግን «ብርሃናዊ አስተፃማሪ» ይባል። «ናኖ» እንደ ኪሎና እንደ ሚሊ የዓለም የመለኪያ ቃል ስለሆነ እንዳለ ይቆይ። ተርጓሚም ከሁለቱ አንዱን ከመምረጡ በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ብርሃኑ ካለፈ በኋላ በቁሱ ሥራ የተከማቸ ኃይል አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።