የከዚራ ፈረንሳይኛ

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ከእኛ ጋር አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀለ ያወራል፤ ገንዘብ ሲቆጥር ግን በፈረንሳይኛ ነበር። የሥራ ወረቀቱ ሁሉ በፈረንሳይኛ ስለነበር ልማዱ አብሮት ቀረ።

ፈረንሳይኛውን ወደ ከተማችን ድሬዳዋ ያመጣው ተራራ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥመር ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። ዳገቱ ወጪውን ስላናረው ባቡሩ በ1902 ከሥር ያለው ሜዳ ላይ ቆመ፤ ድሬዳዋም እዚያው ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። በዚህ መሀል ፈረንሳዩ፣ ግሪኩና አርመኑ ከዚራ የተባለው የድሬዳዋ ሰፈር ላይ ከትሟል፤ ቀጥ ያሉት መንገዶችና ዛፎቻቸው የዚያ ዘመን ናቸው። የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ይገኛል፤ የራሱ ገበያ፣ የራሱ ወግ ያለው ሰፈር።

እኔን ከሁሉ የሚመስጠኝ የባቡሩ ወርክሾፕ ነው። ቶርኖዎቹ ላይ የፈረንሳይ ፋብሪካ ስም በብረት ተቀርጿል። የጠፋን መለዋወጫ ባለሙያዎቹ እዚያው ቀርጸው ይተኩ ነበር። ይህን ሙያ በቃሉ የያዘው ትውልድ አርጅቷል። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም የከተማው አስተዳደርም የእነዚህን ባለሙያዎች ድምፅ ዛሬውኑ ቢቀርጹ እላለሁ፤ ማሽኑ ይቆያል፣ ሰው ግን አይቆይም።